ማሽኑ የገባባቸው ክፍሎች፦ ከአዳማ በደራ እስከ ባቱ

ሐሙስ ማለዳ ከአዳማ ስነሳ ለትምህርት ቤታችን መልስ ፈልጌ እንድመለስ ተልኬ ነበር። ለራሴም የምፈልገው መልስ ነበረኝ፤ እሱን ግን ለማንም አልነገርኩም።

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ተክሎች ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ የቤት ሥራ ሰጥቼ ወረቀቶቹን ስሰበስብ ሁሉም ያለ እንከን መጡልኝ። ዓረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ቃሉ የተመረጠ፣ መደምደሚያው ያማረ፤ የማን እንደሆነ ስሙን ብሸፍነውም የምለየው ይመስለኝ ነበር፤ ስሸፍነው ግን አንዱንም መለየት አልቻልኩም። ክፍል ገብቼ ስጠይቅ አንድ ጎበዝ ተማሪዬ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ኤአይ ካወቀው እኔ ለምን ልወቀው?» አለኝ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ከልቤ መልስ አጣሁ።

ወንድሜ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ሱቁን የሚይዝለት ሰው ሲፈልግ ከርሟልና ዓመቱ ሲያልቅ ወደዚያ ልሄድ በልቤ ወስኜ ነበር።

ርእሰ መምህራችን አቶ ታምሩ ይህን አያውቅም። የመምህራን ስብሰባ ላይ አብዛኞቻችን ስልክ ከግቢው ይውጣ፣ ተማሪም መምህርም በር ላይ አስረክቦ ይግባ ብለን ነበር። አቶ ታምሩ ሁላችንንም ከሰማ በኋላ፣ «መከልከሉ ለዘንድሮ ይበቃን ይሆናል። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ያሉት ልጆች እኛ ጋ ደርሰው ሲመረቁስ? እኔ ለዘንድሮ አይደለም የጨነቀኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ገነት፣ እስቲ ወጣ ብለሽ ሌሎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ አይተሽ ነይ። ሰኞ እንወስናለን» አለኝ። ደራ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነበረኝ። ባቱ ያለችውን መምህርት ደግሞ አቶ ታምሩ ሥልጠና ላይ አግኝቷታል። ሁለቱንም ደውለን አናገርናቸውና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ደራ

ከአዳማ መናኸሪያ ወደ አሰላ የሚሄደው ሚኒባስ ሳይሞላ አይነቃነቅም። ረዳቱ «አሰላ፣ አሰላ፣ የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ሰው ከጫነ በኋላ ወጣን። ከተማው አልቆ አዋሽን ስንሻገር ወንዙ እንደ ሻይ በወተት ቀልቶ ይፈሳል። ከድልድዩ ማዶ ግራርና ደረቅ ሣር ነው፤ መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ሲይዝ አየሩም ይቀልላል። ደራ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። አንድ ባጃጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረሰኝ።

ጓደኛዬ ጀማል ታሪክ ያስተምራል። በሕፃንነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ወስዶበታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥግ ይዘን እኔ ጮክ ብዬ አነብለት፣ እሱ ደግሞ ያነበብኩትን ከእኔ በተሻለ ያስረዳኝ ነበር። ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን በር ገፋ አድርጌ፣ «አካም ጅርታ ጀማል!» አልኩ።

«ገነት!» አለ ከመቀመጫው ሳይነሳ። «አሁንም በር አትከፍችም፤ ትገፊዋለሽ እንጂ።»

ተሳሳቅን፣ ተቃቀፍን። ጺሙ ሸብቷል፤ ሳቁ ያው ነው። ከፊቱ የተቆለለ የፈተና ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ደግሞ በሁለት መጻሕፍት ቁልል መሃል እንደ ድልድይ የተጋደመ ስልክ ነበር።

«እስቲ ተቀመጭ፤ አንድ ነገር ላሰማሽ» አለኝ።

አንድ ወረቀት ከቁልሉ ወሰደና ጠርዙን በጣቱ እየዳበሰ አቃንቶ ከስልኩ ሥር አስቀመጠው። ስልኩን ነካ አደረገ። ስልኩ በድምፅ የተማሪውን ስም፣ ክፍሉን፣ ከዚያም በእጅ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ መልስ ከላይ እስከ ታች አነበበ።

እኔ ላይ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። ይህ ሰው በማስተማር ዘመኑ ሁሉ አንድም ወረቀት የሰው ድምፅ ሳይጠብቅ አርሞ አያውቅም። አንባቢ ሲያጣ ወረቀቶቹን ቤቱ ወስዶ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ እሷም ማታ ደክሟት ትገባለች። አሁን እዚህ የፀሐይ ብርሃን በገባበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ ያርማል። ማንበብ የኔ ሥራ ነበርና ልቤ ውስጥ ትንሽ ቅናትም ሽው አለብኝ፤ ደስታው ግን በለጠ።

«አልሐምዱሊላህ በይ» አለኝ፤ ዝምታዬን ሰምቶ። «ግን ቆይ፤ ገና አልጨረስኩም። መጀመሪያ ሰሞን ሊያሳብደኝ ነበር።»

የነገረኝ እንዲህ ነው። ስልኩ ማንበብ እንደጀመረለት ወሩን ሙሉ ደስ ብሎት አረመ። ከዚያ አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ተማሪዎቹን ክፍል ውስጥ በድምፃቸውና በአነጋገራቸው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ። ሰነፉም ጎበዙም አንድ ዓይነት የተስተካከለ እንግሊዝኛ ይጽፋል። ተማሪዎቹ የኮረጁ መስሎት ተናደደ። ፈተናው ግን ክፍል ውስጥ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንዷን ተማሪ ጠርቶ የራሷን ወረቀት ጮክ ብላ እንድታነብለት አደረገ።

«ጥያቄው ሰዎች እርሻ ለምን ጀመሩ የሚል ነበር» አለኝ። «ስልኩ ያነበበልኝ፣ ምግብ ፍለጋ መዘዋወር አድካሚ እየሆነ በመምጣቱ የሚል ነው። ልጅቷ ግን የጻፈችው ምን መሰለሽ? ሴቶቹ ልጅ አዝለው መሄድ ሰልችቷቸው እንቢ ስላሉ ነው ብላለች! ሰዋስዉ የተሰባበረ ነው። ሐሳቡ ግን የት ይገኛል? የእሷ ነው፤ መጽሐፉ ላይ የለም። ስልኩ እኔን ሊረዳ ብሎ አርሞ፣ አሳምሮ፣ ልጅቷን ከወረቀቱ ላይ አጠፋት።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«እንደ ሰው ነገርኩት። ‹እንደተጻፈ አንብብልኝ፤ ስህተቱን አትንካ፤ ያልገባህን አልገባኝም በል› አልኩት። አሁን ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ግን አላመንኩትም። በየሳምንቱ ጥቂት ልጆች ተራ ገብተው ወረቀታቸውን ራሳቸው ያነቡልኛል። ስህተቱን ካጠፋብኝ እኮ ልጁን አጠፋብኝ ማለት ነው፤ ምኑን ላስተምረው ነው?»

ይህን እያወራን ኔትወርኩ ጠፋ። ስልኩ መሃል ዓረፍተ ነገር ላይ ዝም አለ። «አመሉ ነው» አለ ጀማል፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በይ እንደ ድሮው።»

ደስ እያለኝ ተቀብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሳልሄድ ክንዴን ያዘኝ።

«አረምሽው!»

«ምኑን?»

«ልጁ እንዲህ አይናገርም። መልሰሽ እይው።»

መልሼ አየሁት። እውነቱን ነው፤ ልጁ የጻፈውን የተሳሳተ ግሥ እኔ ሳላውቀው አስተካክዬ አንብቤዋለሁ። አፌ ከዓይኔ ቀድሞ አርሞታል። ጀማል ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። «አየሽ! ማሽኑ ከማን ተማረው መሰለሽ? ከእኛ ከመምህራን ነው!»

ለምሳ ባለቤቱ የላከችውን ጩኮ አወጣ። በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ነው፤ ከእርጎ ጋር ሲሆን ሆድን ቀጥ ያደርጋል። እየበላን ሳለ የአዳማውን ስብሰባችንን፣ ስልክ በር ላይ ይረከብ ያልነውን ነገርኩት። መጉረሱን አቆመ።

«መምህሩም ያስረክባል?»

«አዎ፤ አርአያ እንዲሆን።»

«እኔ እናንተ ጋ ብቀጠር ታዲያ» አለ በቀስታ፣ «ዘበኛው በር ላይ ዓይኔን ሊቀበለኝ ነው?»

እጄን ከነእርጎው አንስቼ ክንዱ ላይ አሳረፍኩ፤ ከዚያ ወሬ ቀየርን።

ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ

የዚያን ቀን ማምሻውን አሰላ ገብቼ አደርኩ። አሰላ ይበርዳል፤ የአዳማ ሰው ለብርድ ልብስ የሚሰጠው ዋጋ እዚያ ሲያድር ነው የሚገባው። ዓርብ ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ ጭላሎ ተራራ ከከተማው በላይ ወጥቶ አየሁት። ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ስላልጠበቅኩ መናኸሪያው መሃል ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ሰው እየገፋኝ ያልፋል።

በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ትውልዳቸው ወሎ የሆነ፣ አሰላ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«እንኳን አገኘሁሽ፤ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው» አሉኝ። «ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የምትፈልገውን ሁሉ ከዚሁ ከስልኳ ታገኛለች። ትጠይቀዋለች፣ ያስረዳታል፤ አይቆጣ፣ አይሰለች። እንግዲህ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የምከፍለው ለምኑ ነው?»

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው፤ ጊዜ ለመግዛት።

«እኔማ ለጓደኛ ብዬ ነው የምከፍለው» አሉ ቆይተው። «ከቤት ወጥታ ሰው ጋ እንድትውል። ስልኩ ሁሌ እሺ ነው የሚላት። ሰው ግን እንቢም ይላታል። እንቢ መባልን የት ትማረው?»

ይህን እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። እኔ ግን መስኮቱን ተደግፌ እስከ ኦጎልቾ ድረስ ሳስበው ሄድኩ።

ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው መውረድ የቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ ወደ ግቢ እንደ ማየት ነው። የስንዴው ማሳ አልቆ ግራር ይጀምራል፤ ሹራብ ይወልቃል። አንድ ኩርባ ስንዞር ሐይቁ ብቅ አለ። ሰፊ፣ ሻይማ፣ ደሴቶቹን እንደ ተኙ ከብቶች ጀርባው ላይ አስተኝቶ። ስንት ጊዜ በሌላው መንገድ በባቱ አልፌ ሐይቁን ከጎን አይቼዋለሁ። ከላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ሾፌሩም ጭምር ፍጥነቱን ቀነሰ።

ባቱ

ባቱ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ ጋሪ ያዝኩ። ፈረሱ በአስፋልቱ ዳር ቀጭ ቀጭ እያለ በአበባ እርሻው በኩል የሚመጡ ሠራተኞችን የጫኑ አውቶቡሶች ያልፉናል። መምህርት ቢፍቱ ሐይቁ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ጠበቀችኝ። ወጣት ናት፤ የኔን ታናሽ እህት ታክላለች። የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝን፤ ዓሣው ከነአዋዜው ለሁለት የሚበቃ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ከጠረጴዛችን ሥር አጥንት ይጠባበቃሉ።

«አቶ ታምሩ ብዙ የሠራሁ አስመስለው ነግረውሽ ከሆነ አትመኚ» አለችኝ ገና ከመጀመሪያው። «ያበላሸሁትን ብነግርሽ ነው የሚሻለው።»

አምና የመጀመሪያውን መንፈቅ ተማሪዎቿ ኤአይን እንደ ልባቸው እንዲጠቀሙ ፈቀደችላቸው። ክፍሉ ደመቀ፣ ሥራው አማረ። ፈተና ሲመጣ ግን ዘጠነኛ ክፍሎቹ ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ አሉ። አንድ አንቀጽ ራሳቸው መጀመር አቃታቸው። «አለቀስኩ እኮ» አለች። «ጥፋቱ የነሱ አልነበረም። ምርኩዙን ሳይራመዱ ሰጠኋቸው።» አሁን ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ በእጃቸው፣ በራሳቸው አፍ ይጽፋሉ፤ ይናገራሉ፤ ይከራከራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ የሚገባው፤ ሲገባም እንዲሠራላቸው ሳይሆን እንዲጠይቁት ነው።

«ስልክ የሌላቸውስ?» አልኩ።

«በቡድን ነው። ስልኩ መሃል ይቀመጣል። አንድ ሕግ አለን፦ ስልክ የሌለው ነው ጠያቂው። ስልኩ ያለው ልጅ ይይዛል እንጂ አይጠይቅም።»

ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው። ለእኔ ግን ይህች ትንሽ ሕግ ከስንት የሥልጠና ሰነድ በለጠችብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ንፋሱ ሳይነሳ ተማሪዎቿ ሐይቁ ዳር ተሰብስበው ነበር። ነጭና ጥቁር የተቀባ የድስት ክዳን በገመድ አስረዋል። ገመዱ ላይ በየጣት ስፋቱ ቋጠሮ አለ። የሳምንቱ ጥያቄያቸው የፀሐይ ብርሃን ሐይቁ ውስጥ ምን ያህል ዘልቆ ይገባል የሚል ነው። ቀድመው ማሽኑን ጠይቀውታል። በአፋን ኦሮሞ ሲጠይቁት መልሱ ተንጋደደባቸው፤ የተሳሳቱትን ቃላት እየሳቁ ለብቻ መዘገቡ። በአማርኛ ሲጠይቁት ሐይቁ ውስጥ ብርሃን ከአንድ ሜትር በላይ እንደሚገባ በሙሉ ልብ ነገራቸው።

ክዳኑን ያወረደችው ጫልቱ የምትባል ተማሪ ናት። እናቷ አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራለች፤ ስልክ የላትም፤ ስለዚህ የቡድኑ ጠያቂ እሷ ናት። ክዳኑ ውሃውን ነክቶ ጥቂት እንደወረደ፣ ገና አንድ ክንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ከዓይናችን ጠፋ። አውጥታ እንደገና አወረደችው። ያው ነው።

ጓደኛዋ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት። ጫልቱ ልክ ጎረቤት እንደምታናግር፣ «አንተ ይህን ሐይቅ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችው።



«አላየሁም» አለ የስልኩ ድምፅ። «የነገርኳችሁ ስለ ሐይቆች በጥቅሉ ከተጻፈው ተነስቼ ነው፤ እርግጠኛ መስዬ መናገር አልነበረብኝም። የእናንተ ልኬት ከእኔ ግምት ይበልጣል። ግን የለካችሁት ዳርቻው ላይ ከሆነ የተረበሸ ጭቃ ሊያሳስታችሁ ስለሚችል ራቅ ያለ ቦታም ለኩ።»

እኔ ማሽኑ ሲሸነፍ ለማየት አቆብቁቤ ነበር፤ ልጆቹ በኩራት ሲጮሁ ይታየኝ ነበር። ጫልቱ ግን አልጮኸችም። ትንሽ አሰበችና፣ «እውነቱን ነው። ኑ፣ ጫፉ ጋ እንሂድ» አለች። ገመዱን ጠቅልላ ወደ ውሃው በገባው የእንጨት ማረፊያ ጫፍ ሮጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማሽኑ መልሶ ወደ ውሃው ላካቸው፤ እነሱም አመኑት፣ ግን ለክተው ነው ያመኑት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት ሲባል አንዱ ሲያውቅ ሌላው ሲቀበል ነው ያየሁት። እዚህ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ሁሉም ግን ወደዚያው እየሄደ ነበር።

ጫፉ ላይ ክዳኑ ጥቂት ቋጠሮ ጨምሮ ታየ፤ ሜትር ግን የት ተብሎ። አሁን ክርክር ተነሳ። ስልኩን የያዘው ልጅ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ጭቃውን ያማስለዋል አለ። ጫልቱ የለም፣ አረንጓዴው ነገር ነው፤ በአጉሊ መነጽር ያየናቸው ጥቃቅን ተክሎች ናቸው አለች። በአፋን ኦሮሞ ይጀምሩና በአማርኛ ይቀጥላሉ፤ ሲናደዱ መልሰው ወደ አፋን ኦሮሞ። እኔ እንደ ባዮሎጂ መምህርነቴ ልናገር አፌን ስከፍት ቢፍቱ ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

ጫልቱ ነጭ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጫፉን በሁለት እጇ ወጠረችና፣ «አፍስሱበት» አለች። ውሃ በጣሳ እየቀዱ አፈሰሱበት። ነጠላው ላይ የቀረው ቡናማም አረንጓዴም ነበር። ልጁም ጫልቱም አንገታቸውን አቀርቅረው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሁለታችንም» አለ ልጁ።

«ሁለታችንም» አለች ጫልቱ፤ ከዚያ ነጠላዋን አየችና፣ «እማዬ ትገድለኛለች!» ብላ ጮኸች። ሐይቁ ዳር ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ልጆቹ ሲበተኑ ቢፍቱን፣ «ይህን ነገር አሥር ዓመት እንዴት ታቆይዋለሽ? ማሽኑ በየዓመቱ ይለወጣል» አልኳት።

«እኔ ብቻዬን አላቆየውም» አለች። «ዓርብ ከሰዓት መምህራን እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ በሳምንቱ ያልሠራለትን ነገር ይናገራል፤ የሠራለትን አይደለም። መጀመሪያ ሦስት ነበርን፤ አሁን ክፍሉ ይሞላል። አንዳንዱ ደግሞ እስካሁንም አይመጣም፤ አልቆጣም። ማሽኑ ሲለወጥ እኛም የምንማርበት ቦታ አለን ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለኝም።» ከዚያ ሳቅ አለችና፣ «ነጠላውን ግን እኔ ነኝ የማጥበው» አለች።

ወደ ቤት

ከባቱ በመቂ አድርጌ በአዲሱ ፈጣን መንገድ በሞጆ በኩል ተመለስኩ። መቂ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ሣጥን የጫኑ አይሱዙዎች ተሰልፈዋል። ቆቃ በቀኝ በኩል ያብረቀርቃል። አዳማ ስቃረብ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ክንፋቸውን ቀስ እያሉ ያዞራሉ። እሑድን በቸርች ከቤተሰቤ ጋር ዋልኩ። መዝሙሩ እየተዘመረ እንኳ ያ «አላየሁም» ያለው ድምፅና የጫልቱ ሩጫ ከጆሮዬ አልጠፉም።

ሰኞ ስብሰባው ላይ ያየሁትን እንዳለ ተናገርኩ። የሒሳቡ መምህር ጋሽ ግርማ፣ ከሁላችን አንጋፋው፣ በመሃል አቋረጡኝ።

«ገነት፣ የምትይው ደስ ይላል። እዚህ ግን ልጆቹ ማሰብ አቁመዋል። መጀመሪያ ስልኩ ይውጣ፤ ከዚያ እናስብበት።»

«ጋሽ ግርማ፣ እውነትዎን ነው፤ ቢፍቱም ያለ ገደብ ፈቅዳ አልቅሳበታለች» አልኳቸው። ከዚያ ጀማል የጠየቀኝን ጥያቄ፣ ዘበኛው በር ላይ ዓይኔን ሊቀበለኝ ነው ያለውን ነገርኳቸው። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

ክርክሩ እስከ ምሳ ቆየ። በመጨረሻ ስልክ ከግቢው አይውጣ ተባለ። ታችኛዎቹ ክፍሎች ክፍል ውስጥ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም ቆመው ያስረዳሉ። ከፍ ያሉት በቡድን ማሽኑን ይጠይቁታል፤ የነገራቸውንም ሊፈትሹ የሚችሉበት ነገር ይሰጣቸዋል። ዓርብ ከሰዓት የመምህራን ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ሁሉም እንደገና ይታያል፤ ደንቡ የዘላለም ነው አንልም። ጋሽ ግርማ አልተስማሙም፤ ተቃውሞዬን ጻፉልኝ አሉ። ስንወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው፣ «የዚያን የጀማልን ቁጥር ስጪኝ፤ እንዲያው ላናግረው» አሉኝ።

ማታውን ወንድሜ ጋ ደውዬ ለሱቁ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገርኩት። «ምን ተገኘ?» አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሃያ ዓመት ገደማ የሠራሁትን ሥራ ገና እንዳላየሁት አሁን አወቅኩ ብዬ ብነግረው ግር ይለዋል። ትምህርት ቤት እውቀት የሚታደልበት ብቻ ከነበረ፣ አዎ፣ ማሽኑ ወስዶታል። ጀማል ስህተቷን የሚያዳምጥላት ልጅ፣ ሐይቁ ዳር የተከራከሩት ሁለቱ ልጆች ግን የሚወሰድ ነገር አይደሉም። ማሽኑ ሲመጣ እንዲያውም ጎልተው ታዩኝ።

ማክሰኞ ክፍል ገባሁ። የቀኑ ትምህርት ስለ ልብ ነበር። መጽሐፉን ሳልከፍት፣ «ልባችን ማንም ሳያዘው ለምን ይመታል?» አልኳቸው።

ከኋላ ወንበር ሰላማዊት የምትባል፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ተማሪ፣ እጇን ግማሽ አነሳች።

«ደሙ ከኋላ ስለሚገፋው ይመስለኛል፣ ቲቸር። በር ሲገፋ እንደሚከፈተው።»

ስህተት ነው። በማንም መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ ማንም ያልነገራት፣ ራሷ ያሰበችው ስህተት። ልቤ ዘለለ።

«እሺ» አልኩ። «ይህን የሚጠይቃት ማነው?»

አንዱ ከመስኮቱ በኩል ተነሳ። «መጀመሪያ ደሙን ማን ገፋው ታዲያ?»

ሰላማዊት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ግንባሯ ተቋጠረ። ዓይኗ ጣሪያው ላይ ሄደ፤ ከንፈሯ ሳይሰማ ተንቀሳቀሰ። አጠገቧ ያለው ስልክ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ የሚከለክላት የለም፣ እሷም አላየችውም። ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ጠበቃት። እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኋት።